ወረፋ የሚዘሉ ሰዎችና የሰልፍ ሳይንስ

ወረፋ ጠብቆ የማያውቅ የከተማ ነዋሪ ይኖራል ብሎ መገመት ያዳግታል። ለታክሲ እንሰለፋለን፤ ለባንክ እንሰለፋለን፤ ለሐኪም ቤት ካርድ ለማውጣት ማልደን እንሰለፋለን። እነዚህ ሁሉ ግዴታ የሚያቆመን ሰልፎች ናቸው። በሌላ በኩል ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ልጆቹን አስከትሎ፣ ለደስታው ሲል በገዛ ፈቃዱ የሚቆምበት ሰልፍም አለ፤ ይኸውም በውጭው ዓለም በሚገኙ ግዙፍ የመዝናኛ ፓርኮች ውስጥ የሚታየው ሰልፍ ነው። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ወደነዚህ ሥፍራዎች ሲሄዱ፣ ሦስት ደቂቃ ለማይሞላ የሮለር ኮስተር ጉዞ በገመድ በታጠረና በሚጠማዘዝ መስመር ውስጥ ብዙ ደቂቃ ቆመው መጠበቅ ይኖርባቸዋል።

እንግዲህ በእንዲህ ያለው ሰልፍ ውስጥ ቆመን ሳለ አራት ወጣቶች ገመዱን ከፍ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ «ጓደኞቻችን ከፊት አሉ» እያሉ አልፈውን ይሄዳሉ እንበል። ምን ማድረግ ይገባናል? ዝም ማለት ነው? መናገር ነው? መንገዱን መዝጋት ነው? ወይስ ሠራተኛ መጥራት? «ይህ ደግሞ ለሳይንስ መጽሔት ምኑ ነው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛ ግን ጥያቄው የሒሳብም፣ የሥነ ልቦናም፣ የፍትሕም ጥያቄ ነው ብለን እናምናለን። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ ሳይንስ ስለ ወረፋ የሚለውን በአጭሩ ከዳሰስን በኋላ የራሳችንን አቋም እናቀርባለን።

የወረፋ ሒሳብ እንዴት ተጀመረ?

የወረፋ ንድፈ ሐሳብ የተወለደው በመዝናኛ ሥፍራ ሳይሆን በስልክ ቤት ነው። አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የተባለ ዴንማርካዊ የሒሳብ ሊቅ በኮፐንሀገን የስልክ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ አንድ ጥያቄ ገጠመው። ደንበኞች የሚደውሉበት ጊዜ አስቀድሞ የማይታወቅ ከሆነ፣ ብዙዎቹ ሳይጉላሉ እንዲስተናገዱ ስንት መስመር ያስፈልጋል? ኤርላንግ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈልግ እ.ኤ.አ. በ1909 ያሳተመው ጽሑፍ ለዘርፉ መሠረት ጣለ። ዛሬ ይኸው ሒሳብ በአውሮፕላን ማረፊያዎች፣ በሆስፒታሎች፣ በኮምፒዩተር መረቦችና በመዝናኛ ፓርኮች ውስጥ በሥራ ላይ ይውላል።

ከዚያ ወዲህ ከተገኙት ውጤቶች ሁሉ ቀላሉና ጠቃሚው አሜሪካዊው ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ሕግ ነው። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ በሰልፍ ውስጥ የሚገኙ ሰዎች አማካይ ቁጥር፣ በአንድ የጊዜ መለኪያ ውስጥ የሚገቡት ሰዎች ብዛት በአማካይ የመጠበቂያ ጊዜ ሲባዛ ከሚገኘው ውጤት ጋር እኩል ነው። ይህ ሕግ ማንኛውም ሰው ወረፋ ላይ ቆሞ ሊጠቀምበት የሚችል መሣሪያ ነው። አንድ መጫወቻ በሰዓት 1,200 ሰው የሚያስተናግድ ቢሆንና ከፊታችን 400 ሰው ቢኖር፣ 400ን ለ1,200 ስናካፍል አንድ ሦስተኛ ሰዓት፣ ማለትም 20 ደቂቃ እናገኛለን። በሌላ አነጋገር እያንዳንዱ ከፊታችን የቆመ ሰው 3 ሴኮንድ ያስጠብቀናል ማለት ነው።

የ12 ሴኮንድ እንቆቅልሽ

አሁን ወደ አራቱ ወጣቶች እንመለስ። ወጣቶቹ 400ውን ሰው አልፈው ከሰልፉ ራስ ላይ ቢገቡ፣ ከኋላቸው የቀረው እያንዳንዱ ሰው የሚያጣው 4 ጊዜ 3፣ ማለትም 12 ሴኮንድ ብቻ ነው። 12 ሴኮንድ የጫማ ማሰሪያ ለማጥበቅ እንኳ አይበቃም ሊባል ይችላል። ታዲያ ስለምን ደማችን ይፈላል?

መልሱን ለማግኘት ድምሩን እንሥራ። 400 ሰዎች እያንዳንዳቸው 12 ሴኮንድ ሲያጡ በጠቅላላው 4,800 ሴኮንድ፣ ማለትም 80 ደቂቃ ይሆናል። አራቱ ወጣቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ ከመጠበቅ ድነዋል፤ 4 ጊዜ 20 እንደገና 80 ደቂቃ ነው። ሒሳቡ ሳይጎድልና ሳይተርፍ ገጠመ። ወረፋ የዘለለ ሰው ጊዜን አልፈጠረም፤ አላጠፋምም። ራሱ ሊሸከመው የሚገባውን የመጠበቅ ሸክም ለማያውቃቸው ሰዎች አከፋፈለ እንጂ።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይላሉ። ተረቱ የመተባበርን ጥቅም ለማስተማር የተነገረ ነው። ወረፋ ዘላዩ ግን ይህንኑ ጥበብ ገልብጦ ይጠቀምበታል። ሸክሙን ሳያስፈቅድ ለ400 ሰው ስለሚበትነው እያንዳንዱ ተሸካሚ ለመቆጣት የማይበቃ ጥቂት ነገር ብቻ ይደርሰዋል። የግል ጥቅሙ ትልቅና የተሰበሰበ ነው፤ የሌላው ጉዳት ትንሽና የተበተነ ነው። ድርጊቱ ሳይቀጣ የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ይመስለናል፤ ለ12 ሴኮንድ ብሎ ጠብ ውስጥ የሚገባ ሰው ከጥቅሙ ይልቅ ኪሳራው ይበዛበታልና።

አማካዩ ሳይለወጥ ፍትሕ ሲጓደል

አንድ ቡድን ብቻ ቢሆን ነገሩን በዚሁ ባለፍነው። ነገር ግን ድርጊቱ ሲለመድ ምን ይሆናል? በየደቂቃው አራት አራት ሰዎች ያለ ተራቸው ይገባሉ እንበል። በሰዓት 240 ሰው ይሆናሉ፤ ይህም ከ1,200ው መቀመጫ አንድ አምስተኛው ነው። ለሥርዓት አክባሪዎቹ የሚቀረው 960 መቀመጫ ብቻ በመሆኑ 400 ሰው የቆመበት ሰልፍ 20 ደቂቃ መፍጀቱ ቀርቶ 25 ደቂቃ ይፈጃል። ከመቀመጫው ግማሹ በዘላዮች ቢያዝ 40 ደቂቃ፣ አራት አምስተኛው ቢያዝ ደግሞ 100 ደቂቃ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንባቢው አንድ አስገራሚ ነገር እንዲያስተውል እንሻለን። በሦስቱም ሁኔታዎች ዘላዮቹን ጨምረን ብናሰላ አማካዩ የመጠበቂያ ጊዜ ያው 20 ደቂቃ ነው። መጫወቻው አልፈጠነም፤ አልዘገየምም። ስለዚህ አማካይን ብቻ የሚመለከት የፓርክ ሥራ አስኪያጅ በመዝገቡ ላይ አንዳችም ችግር አይታየውም። የተለወጠው በሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ አንዱ ሳይጠብቅ ሲገባ ሌላው 100 ደቂቃ ይቆማል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆን ኪንግማን እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳየው እውነትም ይህንኑ ይደግፋል። የእያንዳንዱ ሰው አገልግሎት የሚፈጀው ጊዜ አስቀድሞ በማይታወቅበት ሰልፍ ውስጥ፣ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገድ የሚለው ደንብ የመጠበቂያ ጊዜን ልዩነት ከሌሎቹ ደንቦች ሁሉ አሳንሶ ይይዛል። ተራ መጠበቅ የጨዋነት ወግ ብቻ ሳይሆን ሸክሙን በተቻለ መጠን እኩል የሚያካፍል ደንብ መሆኑን ሒሳብ መሰከረ ማለት ነው።

የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ባልደረባ የሆኑት ሪቻርድ ላርሰን እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጽሑፍ ያነሡት ነጥብም ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው። ሰው በወረፋ የሚማረረው በቆየበት ደቂቃ ልክ ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ የመጣ ሰው ሲቀድመው የሚሰማው ግፍ ራሱን የቻለ ጉዳት ነው። ስለዚህ «ለ12 ሴኮንድ ምን አስቆጣችሁ?» ለሚሉን መልስ አለን። የምንቆጣው ለሴኮንዱ ሳይሆን ለደንቡ ነው።

ሰዎች ለምን ዝም ይላሉ?

ቁጣ ካለ ተቃውሞ ለምን አይኖርም? ይህን ጥያቄ በመስክ ሙከራ ለመመለስ ከሞከሩት መካከል ስመ ጥሩው የሥነ ልቦና ሊቅ ስታንሊ ሚልግራም ይገኝበታል። ሚልግራም እ.ኤ.አ. በ1984 ካረፈ በኋላ በ1986 በታተመው ጥናት፣ እርሱና ባልደረቦቹ በኒው ዮርክ ከተማ በሚገኙ 129 ሰልፎች ላይ ሙከራ ማድረጋቸው ተገልጿል። ተመራማሪዎቹ ያሰማሯቸው ሰዎች በሦስተኛውና በአራተኛው ተሰላፊ መካከል በትሕትና «ይቅርታ፣ እዚህ መግባት እፈልጋለሁ» እያሉ ይገቡ ነበር። ዘላዩ አንድ ሰው ብቻ በነበረ ጊዜ ተቃውሞ የተሰማው በ54 በመቶው ሰልፍ ብቻ ነው። ዘላዮቹ ሁለት ሲሆኑ ግን ተቃውሞው ወደ 91 በመቶ ከፍ አለ።

ከዚህ ጥናት በይበልጥ የምንማረው ከሚከተለው ነው። ተመራማሪዎቹ በአንዳንዶቹ ሰልፎች ውስጥ የራሳቸውን ሰዎች አስቀድመው አሰልፈው፣ ዘላዩ ከፊታቸው ሲገባ ምንም እንዳይናገሩ አደረጉ። ከእነዚህ ዝምተኞች ኋላ የቆሙት እውነተኛ ተሰላፊዎች በአብዛኛው እነርሱም ዝም አሉ። ለዘላዩ የቀረበው ሰው ካልተቃወመ ከኋላ ያለው «ዘመዱ ይሆናል፤ ፈቅዶለት ይሆናል» ብሎ ያስባል። ስለሆነም ከዘላዩ በስተ ኋላ መጀመሪያ የሚገኘው ሰው፣ ሳይሾም የሰልፉ ጠበቃ ይሆናል። የእርሱ ዝምታ ለሌላው ፈቃድ መስሎ ይታያል። «ዝምታ ወርቅ ነው» የሚለው አባባል በዚህ ቦታ አይሠራም።

ሊዮን ማን የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1969 በሜልቦርን ከተማ የእግር ኳስ ትኬት ለመግዛት ሌሊቱን ስለሚያድሩ ሰልፈኞች ያሳተመው ጥናትም ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። እነዚህ ሰልፈኞች የጽሑፍ ሕግ ሳይኖራቸው የራሳቸውን ደንብ አበጅተዋል። በቡድን የመጡ ተራ በተራ ይቆማሉ፤ ለጥቂት ጊዜ የሚሄድ ሰው ዕቃውን ትቶ ቦታውን ያስጠብቃል፤ ከመጠን በላይ የቆየ ግን መብቱን ያጣል። ዘላዩን በጩኸትና በፉጨት ያሳፍሩታል እንጂ በኃይል ከሰልፉ የሚያወጡት ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ከዚህ የምንረዳው ሰልፍ ማለት የሰዎች መደዳ ብቻ ሳይሆን፣ ለጥቂት ሰዓት የምትኖር ትንሽ መንግሥት መሆኗን ነው፤ ሕግ አላት፣ ዜጋ አላት፣ ፖሊስ ግን የላትም።

ምክንያት ማቅረብ ያለውን ኃይልም ማስታወስ ያስፈልጋል። ኤለን ላንገርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ዕውቅ ሙከራ፣ ፎቶ ኮፒ ለማንሣት የተዘጋጁ ሰዎችን «5 ገጽ ብቻ ነው፣ ላስቀድም?» ብለው ሲጠይቁ 60 በመቶው ፈቀዱ። «ኮፒ ማድረግ ስላለብኝ» የሚል ምንም ፍሬ የሌለው ምክንያት ሲታከልበት ግን ፈቃዱ ወደ 93 በመቶ ዘለለ። ጥያቄው 20 ገጽ በሆነ ጊዜ ግን ባዶው ምክንያት አልሠራም። «ጓደኞቻችን ከፊት አሉ» የሚለው ቃል በፓርክ ሰልፍ ውስጥ ያለ ተቃውሞ የሚያሳልፈውም በዚሁ ምሥጢር ይመስለናል፤ ምክንያት የሚመስል ድምፅ ሰምተን መንገድ እንለቃለን።

በገንዘብ የሚገዛ ቅድሚያ

እስካሁን የተነጋገርነው በስርቆሽ ስለሚደረግ ዝላይ ነው። ፓርኮቹ ራሳቸው የሚፈቅዱት ዝላይስ? ዋልት ዲዝኒ ወርልድ እ.ኤ.አ. በ1999 ፋስትፓስ የተባለ ሥርዓት ጀመረ። ጎብኚው የመግቢያ ትኬቱን በማሽን ውስጥ አስገብቶ የመመለሻ ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ይቀበላል፤ በሰዓቱ ሲመለስ በአጭሩ መስመር ይገባል። ክፍያ አልነበረውም፤ ለማንኛውም ጎብኚ ክፍት ነበር። ከ2021 ወዲህ ግን በቦታው የተተካው ላይትኒንግ ሌን የሚባለው መስመር የሚሸጥ ሆነ። በ2024 ደግሞ በአንዳንድ ቀናት ለአንድ ሰው በቀን ከ400 ዶላር በላይ የሚያስከፍል የቅድሚያ ትኬት ቀረበ።

የሚከፍለው ሰው ሌባ አይደለም። ዋጋው ለሁሉም ተነግሯል፤ መስመሩም በግልጽ የሚታይ ነው። ቢሆንም በመደበኛው ሰልፍ ለቆመው ሰው ሒሳቡ ልዩነት አያውቅም። አንድ አምስተኛው መቀመጫ በስርቆሽም ተያዘ በሽያጭ፣ 20 ደቂቃው 25 ደቂቃ ይሆናል። ከዚህም በላይ የሚያሳስበን ነገር አለ። መደበኛው ሰልፍ በረዘመ ቁጥር የቅድሚያው ትኬት ተፈላጊነት ይጨምራል፤ ስለዚህ ሰልፉን ማሳጠር የነበረበት ድርጅት ከሰልፉ መርዘም ጥቅም የሚያገኝበት ሁኔታ ይፈጠራል። እንዲህ ያለው የጥቅም ግጭት በምንም ዓይነት አገልግሎት ውስጥ ጤናማ አይደለም እንላለን።

ሰዎች ራሳቸው ቅድሚያን እንደ ሸቀጥ ያዩታልን? የኢኮኖሚ ተመራማሪው ፌሊክስ ኦበርሆልዘር-ጊ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት፣ በወረፋ ላይ ያሉ 500 ሰዎችን እስከ 10 ዶላር እየሰጠ ቅድሚያ እንዲለቁለት ጠየቀ። የቀረበው ገንዘብ ከፍ ባለ ቁጥር የሚፈቅዱት በዙ፤ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ቦታውን ሲለቁ ገንዘቡን አልተቀበሉም። ገንዘቡን እንደ ዋጋ ሳይሆን ሰውየው በእርግጥ የቸኮለ ለመሆኑ ማስረጃ አድርገው የወሰዱት ይመስላል። ሰው ለተቸገረ ተራውን መልቀቅ ያውቃል፤ የሚጠላው መታለልን ነው።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት

ወረፋ መዝለል የ12 ሴኮንድ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍን ነበር። እውነተኛው ጉዳት የት እንደሚያርፍ የሚያሳየው ግን በእነዚሁ የዲዝኒ ፓርኮች የተከሰተው ታሪክ ነው። ፓርኮቹ ረጅም ሰልፍ መቆም ለማይችሉ አካል ጉዳተኞችና ቤተሰቦቻቸው የእገዛ ካርድ ይሰጡ ነበር። ባለ ካርዶቹ በሌላ በር፣ ብዙ ጊዜም ያለ መጠበቅ ይገቡ ነበር። አሠራሩ በሰዎች ቃል ላይ የተመሠረተ፣ በመተማመን የቆመ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2013 አንዳንድ ባለጸጎች አካል ጉዳተኛ አስጎብኚ በገንዘብ እየቀጠሩ፣ የቤተሰባቸው አባል አስመስለው ሰልፍ እንደሚያልፉ በጋዜጣ ተዘገበ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ድርጅቱ የእገዛ ካርዱን አስቀርቶ በሌላ ሥርዓት ተካው። በአዲሱ ሥርዓት ተጠቃሚው ወዲያው አይገባም፤ ሰልፉ የሚፈጀውን ያህል ጊዜ ሌላ ቦታ ሆኖ ጠብቆ በተሰጠው ሰዓት ይመለሳል። ከሒሳብ አንጻር ይህ መልካም መፍትሔ ነው፤ የሚቀየረው የመጠበቂያው ቦታ እንጂ ጊዜው አይደለምና። ይሁን እንጂ መጠበቅን ራሱን መረዳት ለማይችል ኦቲዝም ላለበት ልጅ ቦታ መቀየሩ ብቻ አልበቃም። ብዙ ቤተሰቦች ድርጅቱን ከሰሱ፤ ክርክሩም ለዓመታት በፍርድ ቤት ቆየ። በ2024 ደግሞ ድርጅቱ መመዘኛውን ይበልጥ በማጥበቅ አገልግሎቱን በዋነኛነት እንደ ኦቲዝም ያለ የእድገት ችግር ላለባቸው ሰዎች ወሰነው፤ ዋሽቶ የተገኘ ሰውም ከፓርኮቹ ለዘለቄታው እንደሚታገድ አስታወቀ። በዚህ ምክንያት ከዚያ በፊት ይገለገሉበት የነበሩ፣ ሌላ ዓይነት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከአገልግሎቱ ውጪ ሆኑ።

የዚህን ሂደት ቅደም ተከተል እንመልከት። በመጀመሪያ መተማመን ነበረ። ቀጥሎ አታላይ መጣ። አታላዩን ለመከላከል ማጣሪያ ተበጀ። ማጣሪያው ግን ከአታላዩ ይልቅ የታመመውን አጉላላ። ጤነኛው አታላይ ቢበዛ ወደ መደበኛው ሰልፍ ይመለሳል፤ መቆም የማይችለው ሰው ግን ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንግዲህ ወረፋ ዘላዩ የሚሰርቀው የጤነኞችን 12 ሴኮንድ ብቻ አይደለም። ለደካማው ተብሎ የተከፈተውን በር ነው የሚያዘጋው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ከላይ ከቀረቡት መረጃዎች በመነሣት የሚከተሉትን አስተያየቶች እንሰነዝራለን።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ከመቆጣት በፊት መለየት ይገባል። ልጇን ሽንት ቤት ወስዳ የምትመለስ እናት ወረፋ ዘላይ አይደለችም፤ ቦታዋ ቀድሞም የነበረ ነው፤ ከኋላዋ ላለው ሰው አንዲት ሴኮንድ አልጨመረችም። አንድ ሰው አቁመው ኋላ አምስት ሆነው የሚመጡ ግን፣ በጓደኝነት ስም ቢሆንም፣ ከኋላቸው ባለው በእያንዳንዱ ሰው ላይ አራት ሰው ጨምረዋል። መመዘኛው ቀላል ነው፦ ከእኔ ፊት የነበረው ሰው ቁጥር ጨመረ ወይስ አልጨመረም? በፓርክ የሚሰበሰቡ ቤተሰቦችም ትንሹ መፍትሔ ይህ ነው፤ ከፊት ያለው አንዱ ወደ ኋላ መጥቶ ቢቀላቀል ማንም አይጎዳም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ለዘላዩ የቀረበው ሰው ይናገር። የሚልግራም ጥናት እንዳሳየው የእርሱ ቃል የሁሉንም አፍ ይከፍታል፤ የእርሱ ዝምታም የሁሉንም አፍ ይዘጋል። አነጋገሩ ግን ስድብ ሳይሆን ለስለስ ያለ ይሁን። «ይቅርታ፣ ምናልባት አላዩት እንደሆነ የሰልፉ መጨረሻ በዚያ በኩል ነው» ማለት ሰውየውን ሳያዋርድ መውጫ በር ይሰጠዋል። በስሕተት የገባ ከሆነ አመስግኖ ይሄዳል፤ አውቆ የገባ ከሆነም ክብሩን ሳያጣ የሚመለስበት መንገድ አገኘ ማለት ነው። ሌሎቻችን ደግሞ የተናገረውን ሰው ብቻውን አንተወው፤ «ልክ ናቸው» የምትል አንዲት ቃል ትበቃለች።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ከዚህ በላይ መሄድ የተሰላፊው ሥራ አይደለም። በክንድ መገፋፋት፣ መንገድ መዝጋት፣ ልብስ መጎተት ለ12 ሴኮንድ የሚከፈል ዋጋ አይደለም፤ በልጆች ፊት ሲሆን ደግሞ ትምህርቱ የከፋ ነው። ሰውየው እምቢ ካለ ለሠራተኛ መንገር ይገባል። ወረፋ መዝለል ያለ ገንዘብ ተመላሽ ከግቢ እንደሚያስወጣ በደንባቸው ያወጁ ፓርኮች አሉ። ደንቡን ማስከበር ያወጀው ድርጅት ኃላፊነት ነው። ጎብኚው የመግቢያ ዋጋ ሲከፍል ከመጫወቻው ጋር ሥርዓትንም ገዝቷልና።

በአራተኛ ደረጃ፣ ለድርጅቶቹ የምንለው አለን። ከሁሉ የሚሻለው መከላከያ የሰልፉ አሠራር ነው። ብዙ ጎን ለጎን የቆሙ ሰልፎች በአንድ ረጅም መስመር ቢተኩ ማን ማንን እንደቀደመ ሁሉም ያያል። ከሰልፍ ወጥቶ የሚመለስ ሰው ምልክት ቢሰጠው እውነተኛው ከአስመሳዩ ይለያል። በዊምብልደን የቴኒስ ውድድር ለሚሰለፉ ተመልካቾች ቁጥር ያለው ካርድ መሰጠቱ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 የንግሥት ኤልሳቤጥን አስከሬን ለመሰናበት ለንደን ውስጥ ለተሰለፈው ሕዝብ ቁጥር ያለው የእጅ አንባር መታደሉ የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። ቅድሚያ የሚሸጡ ፓርኮችም ከመቀመጫው ምን ያህሉን ለገዢዎች እንደሚሰጡ ወስነው በመግቢያው ላይ ቢለጥፉ፣ መደበኛው ተሰላፊ የሚገባበትን ዕዳ አውቆ ይገባል።

በመጨረሻም ወደ አገራችን ወረፋዎች መለስ ማለት እንወዳለን። በታክሲ ማቆሚያዎቻችን ተራ አስከባሪ የሚባል ሰው መኖሩ፣ ሰልፍ ያለ ጠባቂ ለረጅም ጊዜ እንደማይቆም ማኅበረሰባችን ቀድሞ መረዳቱን ያሳያል። ነገር ግን ተራ አስከባሪ ባለበትም ቢሆን «የአቶ እገሌ ዘመድ ነኝ» የሚለው ቃል ዛሬም በየመስኮቱ በር ይከፍታል፤ እኛም ብዙ ጊዜ ጉዳታችን ትንሽ ስለሆነ ዝም እንላለን። ሒሳቡ ግን በፍሎሪዳም በአዲስ አበባም አንድ ነው፤ አንዱ የዳነበት ደቂቃ ሁሉ በሌሎች ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ዝላይ ሲለመድም መጀመሪያ የሚጎዳው መቆም የማይችለው ደካማ ነው። አባቶቻችን «ነግ በኔ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ተራችንን የምንጠብቀው ሌላው ስለሚያየን ብቻ ሳይሆን፣ ነገ እኛ ራሳችን ታመን ወይም አርጅተን ቅድሚያ ስንለምን የሚያምነን ሰው እንዲኖር ነው።